የጠመንጃ አፈሙዝ በስንት ጊዜ ይጽዳ?

የንባብ ክፍል፦ መዝሙር 139፥23-24፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥27-32፤ 1ኛ ዮሐንስ 1፥7-9

ርዕሱን አይታችሁ «ፓስተራችን ምን ነካው?» እንዳትሉኝ። በምንኖርበት በኮሎራዶ ጥቅምትና ኅዳር የአጋዘንና የኤልክ አደን ወቅት ነው። ከጉባኤያችን ጥቂት ወንድሞች ትምህርቱን ወስደው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያቸውን ለብሰው ወደ ተራራ ይወጣሉ። እኔም ከእነርሱ ጋር መውጣት ከጀመርኩ ዓመታት ሆነውኛል። ታዲያ በየዓመቱ የማይቀር አንድ ክርክር አለ፤ ጠመንጃው ዒላማውን እንዳይስት አፈሙዙ በስንት ጊዜ መጽዳት አለበት?

አንዱ ወንድም ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ካልወለወለ እንቅልፍ አይወስደውም። ሌላው ደግሞ ጠመንጃውን ከገዛ ጀምሮ ውስጡን አይቶት አያውቅም። ሁለቱም «እኔ ነኝ ልክ» ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ጥይቱን እያሽከረከሩ የሚያወጡ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ። ጥይቱ በወጣ ቁጥር የባሩድ ጥላሸትና ከጥይቱ ልባስ የሚፋቅ መዳብ እዚያ ላይ ይቀራል። ሲጠራቀም ጥይቶቹ መበታተን ይጀምራሉ። እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ብረቱን ዝገት ይበላዋል። ከበረዶ ላይ የመጣ ቀዝቃዛ ጠመንጃ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ላብ እንደሚያወጣ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ ፈጽሞ የማያጸዳው ወንድም ተሳስቷል።

ሆኖም ያለ ልክ የሚያጸዳውም አልዳነም። መወልወያው ዘንግ በግዴለሽነት ሲገባና ሲወጣ የአፈሙዙን ጫፍ ይፍቃል፤ ጥይቱ ሲወጣ መጨረሻ የሚነካው ያ ጫፍ ነውና እርሱ ከተጎዳ ጥይቱ አቅጣጫ ይስታል። ለዚህ ነው ዘንጉን ከተቻለ ከኋላ፣ ከጥይት ማጉረሻው በኩል አስገቡ የሚባለው። ደግሞም በደንብ ከተወለወለና ዘይት ከተቀባ አፈሙዝ የሚወጣው የመጀመሪያ ጥይት ብዙ ጊዜ ከወትሮው ቦታ ወጣ ብሎ ያርፋል። በአደን ዋዜማ ሌሊቱን ሲወለውል ያደረ ሰው ጠዋት አጋዘኑን ቢስተው አይደነቅ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህ ነው። መዳብ የሚያሟሟው ፈሳሽ መዳብ ሲያገኝ ጨርቁን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ያደርገዋል። የነሐስ ብሩሽ ውስጥም መዳብ አለ። ስለዚህ ፈሳሹ ብሩሹን ራሱን ይበላና ጨርቁ ደጋግሞ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ሰውየው «ገና አልጸዳም» እያለ ይፈትጋል። እድፉ ግን ከአፈሙዙ ሳይሆን ከማጽጃው ነው።

እንግዲህ መልሱ ምንድን ነው? ለሁሉ ጠመንጃ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ውስጡ ሸካራ የሆነ አፈሙዝ ቶሎ ይቆሽሻል፤ የለሰለሰው ይቆያል። የሚናገረው ዒላማው ወረቀት ነው። ጥይቶቹ ተቀራርበው እስካረፉ ድረስ ተወው፤ ያለ ሌላ ምክንያት መበታተን ሲጀምሩ መዳቡን አውጣ። ዝናብ ወይም በረዶ ከነካው በዚያው ቀን አድርቀህ ቀለል ያለ ዘይት ቀባው። ወቅቱ ሲያልፍ አጽድተህ አስቀምጠው። ወደ አደን ከመውጣትህ በፊት ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ አውጥተህ ጥቂት ጥይት ተኩስና የት እንደሚያርፍ እይ። ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ግን ጠመንጃው ጥይት እንዳልጎረሰ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። መሳፍንት 20፥16 ላይ ድንጋይ ወንጭፈው ፀጉር እንኳ የማይስቱ ሰባት መቶ ግራኝ ብንያማውያን ተጠቅሰዋል። እዚያ «መሳት» ለሚለው የገባው የዕብራይስጥ ቃል በሌላ ቦታ «ኀጢአት መሥራት» ተብሎ የሚተረጐመው ያው ቃል ነው። የእኛም «ኀጢአት» የዚያ ቃል ዘመድ ነው፤ በግእዝ «ኀጥአ» ማጣት ማለትም ነው። ኀጢአት እግዚአብሔር ያለመልንን መሳት፣ ማጣት ነው። የመንጻት ዓላማም ወደዚያ ዒላማ መመለስ ነው፤ እግዚአብሔርንና ሰውን መውደድ።

በምክር አገልግሎት አንዲት እህት መጣች። በወጣትነቷ ስለ ሠራችው አንድ በደል በእንባ ንስሐ ገብታ ነበር። ነገር ግን የጌታ እራት በሚወሰድበት እሑድ ወይ ትቀራለች፣ ወይ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኅብስቱ ሲደርሳት ታሳልፈዋለች። ይህ ለዓመታት ቆይቷል። «ፓስተር፣ ስንት ጊዜ ንስሐ ብገባ ነው የሚጠራልኝ?» አለችኝ።

የወንድሞቼ ጥያቄ በእርሷ አፍ መጣ፤ በስንት ጊዜ?

1ኛ ዮሐንስ ምዕራፍ 1ን አብረን አነበብን። የሚያነጻው የኢየሱስ ደም ነው፤ የእኛ መፈተግ አይደለም። ለሚናዘዝም ይቅር የሚለው አምላክ ታማኝና ጻድቅ ተብሏል። ከዚያ 1ኛ ቆሮንቶስ 11ን ገለጥን። ጳውሎስ ሰው ራሱን ይፈትን ካለ በኋላ ከማዕድ ይራቅ አላለም፤ እንዲሁ ይብላ፣ ይጠጣም ነው ያለው። መፈተኑ ወደ ማዕዱ እንጂ ከማዕዱ የሚያርቅ መንገድ አይደለም። «እህቴ፣ አሁን የምታዪው እድፍ ከዚያ ኀጢአት ነው ወይስ ራስሽን ከምትከሺበት ክስ?» አልኳት። ብዙ አለቀሰች። በሚቀጥለው ወር ኅብስቱን ወሰደች።

ይህን ስል ኀጢአትን ላቃልል አይደለም። በመካከላችን ውስጡን አይቶ የማያውቅም አለ። በቤቱ ቁጡ ሆኗል፣ ጸሎቱ ደርቋል፣ ከወንድሙ ጋር ከተኳረፈ ዓመት አልፎታል፤ እሑድ ግን እጁን አንሥቶ ይዘምራል። ወንድሜ፣ ጥይቶችህ ተበታትነዋል፤ ሚስትህና ልጆችህ ዒላማው ላይ ያዩታል። ለአንተ የዛሬው ቃል «ቁም፣ ተመርመር፣ የበደልከውን ሂድና ታረቅ» ነው።

ዳዊት በመዝሙር 139 ልቡን እንዲመረምር የጠየቀው እግዚአብሔርን ነው። መርማሪው እርሱ ሲሆን እውነተኛውን እድፍ በስሙ ጠርቶ ያሳያል፤ የዘላለምንም መንገድ ይመራል። ከሳሹ ግን በደፈናው «ቆሻሻ ነህ» ብሎ እዚያው ይተውሃል። ልዩነቱን በዚህ እወቁ።

ስለዚህ ማታ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የቀኑን በጌታ ፊት አቅርቡ፤ መንፈስ ቅዱስ ያሳያችሁን በስሙ ጠርታችሁ ተናዘዙ፤ ከዚያም አመስግናችሁ ተኙ። ፍቅራችሁ ሲበታተን ስታዩ ጊዜ ወስዳችሁ፣ ከምታምኑት አገልጋይ ጋር ሆናችሁ በጥልቀት ተመርመሩ። ይቅር የተባለውን ግን እንደገና አትፈትጉት፤ ተነሥታችሁ አገልግሉ።

ገና ጌታን ያላገኘህ ወዳጄ ደግሞ፣ ራስህን አጽድተህ እንድትመጣ አልተጠየቅህም። እንዳለህ ና። የሚያነጻው እርሱ ነው።

ጌታ ይባርካችሁ።