ፊታቸው ጥርት ብሎ እንዲታይ



በአገልግሎት ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ የሚወጡ ወጣቶች ደጋግመው ይጠይቁናል፤ “ካሜራችን የጀማሪ ነው፤ ፎቶው ይደበዝዛል፣ ቀለሙም ይነጣል። ምን እናድርግ?” ይሉናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛ ግን ብዙ ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ረጅም ዕድሜ የኖሩ እናት ሲያርፉ ለልጆቻቸው የተረፈው ፎቶ ከቀበሌ መታወቂያ የተወሰደ፣ ሲያሳድጉት ዓይኑ ከአፍንጫው የማይለይ ሆኖ አይተናል። ስለዚህ ፎቶን አጥርቶ ማንሣት ለእኛ የፍቅር ሥራ ነው።

በጥራት እንጀምር። ፎቶን አብዛኛውን ጊዜ የሚያደበዝዘው የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ ሰብስቡ፤ የድንጋይ ካብ ወይም የበር መቃን ተደገፉ። ቁልፉን እስከ ግማሽ ተጭናችሁ ካሜራው በሰውዬው ዓይን ላይ ፎከስ እስኪያደርግ ጠብቁ፤ ከዚያ በቀስታ ጨርሱት። ፍጥነቱ ለሰው ፎቶ ከ1/125 ሰከንድ ባይዘገይ መልካም ነው። ዲጂታል ዙሙን አጥፉት፤ ምስሉን ቆርጦ ይለጥጠዋል እንጂ አያቀርበውም። በእግራችሁ ቅረቡ። የምስሉን መጠን ከፍተኛው ላይ አድርጉ፤ ሌንሱንም በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ።

ቀለም ከብርሃን ይመጣል። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ የቀትር ፀሐይ ኃይለኛ ናት፤ ሣሩን ታነጣለች፣ ከባርኔጣ ሥር ያለውን ፊት ታጠቁራለች። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ያው ሣር ወርቅ ይመስላል፤ የጭላዳው ደረት ቅላት እንኳ ጎልቶ ይወጣል። ክረምት አልፎ አየሩ ሲታጠብ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ከመርሐቤቴ አፋፍ ወደ ጀማ ሸለቆ ብታነሡ ተራራው ከነእጥፋቱ ይታያል። ጥላ ውስጥ ፊት ወደ ሰማያዊ ካደላ ዋይት ባላንሱን ወደ “ጥላ” ምልክት አዙሩ። ቀለም የሚያደምቀው “ቪቪድ” ለመልክዓ ምድር ይሁን፤ የሰው ፊት ያቀላል።

በመንዝ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥቁር ባና ምስሉን ሲሞላው ካሜራው ቦታው የጨለመ ይመስለውና ያበራዋል፤ ባናው አመድ ይመስላል። ነጭ ጋቢ ሲሆን ደግሞ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል፤ የእናት ፊትም አብሮ ይጠቁራል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጉ፤ ለጥቁር ባና ጥቂት ቀንሱ፣ ለነጭ ጋቢ ጥቂት ጨምሩ።

የድንጋይ ቤቶቹ ውስጣቸው ጨለማ ነው። ቢሆንም ፍላሽ ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ አጥፉት። እናትን ከበሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ በጎን በሚነካቸው በኩል አስቀምጧቸው፤ አይኤስኦውን 800 አድርጉ። ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ሌንሱ ላብ ያወጣል፤ ካሜራው ከቦርሳው ሳይወጣ ጥቂት ይቆይ። ብርድ ባትሪ ስለሚያደክም መለዋወጫውን በውስጥ ኪሳችሁ ያዙ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ግን ፈቃድ ነው። የመንዝ አባቶች ጓሳን ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል፤ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲደርስም በሥርዓት ይከፈት ነበር። እንዲህ መጠበቅ የሚያውቅን ሕዝብ ከመንገድ ወርዶ ቀጭ ማድረግ ነውር ነው። ሰላምታው ይለቅ፣ ቡናው ይጠጣ። “እማማ፣ ፎቶ ላንሣዎት?” በሉ። ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ ታገሡ። መጀመሪያ ፊታቸውን ኮስተር ያደርጋሉ፤ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጨዋወት ሲጀምሩ ግን የራሳቸው መልክ ይመጣል። ያኔ አንሡ።

በመጨረሻም፣ ፎቶው በሜሞሪ ካርድ ውስጥ ቢቀር ለእማማ ምን ይጠቅማቸዋል? ደብረ ብርሃን ስትደርሱ ፎቶ ቤት አሳጥቡት፤ በሚቀጥለው ጉዞም በእጃቸው ስጧቸው። ግድግዳቸው ላይ በሕይወት ሳሉ ይዩት። ልጆቻቸውም አንድ ቀን ሲፈልጉት እናታቸውን እንደነበሩ ያገኟቸዋል።

ጌታ አገልግሎታችሁን ይባርክ።