ስድስት ዓመት የተሸከመችልኝ

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ባለቤቴ አንብባዋለች። ሁለት ቦታ አረመችልኝ፤ አንድ ቦታ ላይ አለቀሰች። ከዚያ ስልኬን መለሰችልኝና «በል፣ ልቀቀው» አለችኝ።

ስንጋባ ሽማግሌዎች «የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ» ብለው መርቀውን ነበር። አሜን ያልነው ጮክ ብለን ነው። ሣራ ልጇን እስክትታቀፍ ስንት ዓመት እንደጠበቀች በሠርጉ ቀን ማን ያስባል?

በመጀመሪያው ዓመት ጥያቄው ከፈገግታ ጋር ይመጣል፤ «ገንፎው መቼ ነው?» ይላሉ። በሁለተኛው ዓመት «ምን ትጠብቃላችሁ?» ይሆናል። በሦስተኛው ጥያቄው ይቀርና ምክሩ ይጀመራል። ምክሩ ሁሉ ደግሞ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። ክብደት ቀንሺ። ሥራ አታብዢ። እገሊት የጠጣችውን መድኃኒት ጠጪ። ለቁልቢ ገብርኤል ተሳይ። እናቴ በየወሩ በሀይላንድ ጠበል ይዛ ትመጣለች። በሩን ስከፍትላት እኔን ስማ ታልፍና ጠርሙሱን ለእሷ ትሰጣለች። ባለቤቴም በሁለት እጇ ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» ትላለች። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በእነዚያ ዓመታት እሷ ያልተመረመረችው ነገር የለም። አልትራሳውንድ፣ የሆርሞን የደም ምርመራ፣ ማህፀን ውስጥ ቀለም ተረጭቶ የሚነሳው የቱቦ ራጅ። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ተነሥታለች። በሁለተኛው ጊዜ ስትወጣ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው። እኔ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬን እየነካካሁ ነበር የጠበቅኋት። ውጤቷ ሁልጊዜ ደህና ነው። የእሷ ደህና መሆን ግን ማንንም ወደ እኔ ዘወር ብሎ እንዲያይ አላደረገውም፤ እኔንም ራሴን ጭምር።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ፋይሏን ዘጉና ወደ እኔ ዞረው «እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ?» አሉኝ።

የዘር ፈሳሽ ምርመራ መርፌ የለው፣ ሕመም የለው። ጥቂት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ቢያንስ 15 ሚሊዮን ገደማ ስፐርም ይጠበቃል። የእኔ አንድ ሚሊዮን አይሞላም። ወረቀቱን ሰጠኋት። ብዙ ቆይታ ካየችው በኋላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና «ለማንም አንናገርም» አለች። እኔም «እሺ» አልኩ። በሕይወቴ ካወጣኋቸው ቃላት ሁሉ እንደዚያ «እሺ» የሚቆጨኝ የለም።

ከዚያ ለሕክምና ወደ ዴልሂ ሄድን። ሕክምናው አዲስ አበባ ስለሌለ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ለራሴም ለእሷም ብዙ ምክንያት ደረደርኩ፤ ልምዱን፣ መሣሪያውን፣ ወረፋውን። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። የፈራሁት ኮሪደር ላይ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያገኘኝ ነው። መኪናችንን ሸጥን፤ ዕቁብ ለምነን ቀድመን ወሰድን፤ ዶላር ፍለጋ ስንት በር አንኳኳን። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ ስንቱ ለሕክምና፣ ስንቱ ለእኔ መደበቂያ እንደወጣ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ለቤተሰብ የተነገረው ደግሞ «ማህፀኗ ላይ ትንሽ ዕጢ ስላለ ነው» የሚል ነበር። ዕጢ የለባትም። የእኔን ተሸክማ ሳለ የሌለባትን በሽታ ጨመርኩላት።

ዴልሂ ያረፍነው የውጭ ታካሚዎች በሚከራዩት ቤት ነው፤ ወጥ ቤቱ የጋራ ነው። ሽሮ ስንጥድ ሽታው ከላይኛው ፎቅ አንድ ሐበሻ ባልና ሚስት አመጣልን። አብረን በላን። እነሱ ለኩላሊት እንደመጡ ነገሩን፤ እኛም ለዕጢ ነው አልን። በሳምንቱ አንድ ክሊኒክ፣ አንድ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ተገናኘን። ወንዶቹ አቀረቀርን። ሴትየዋ ግን ተነሥታ መጥታ ባለቤቴ አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። ስሟ እስኪጠራ አለቀቀቻትም።

ሴት በወር አንድ እንቁላል ነው የምታበስለው፤ እንቁላልና ዘርን ከማህፀን ውጭ ለሚያገናኘው ለዚህ ሕክምና ግን ብዙ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከወር አበባዋ ሁለተኛ ቀን ጀምሮ ለ10 ቀን ማታ ማታ ሆዷ ላይ መርፌ ትወጋለች። የምወጋት እኔ ነበርኩ። ሰዓቱ መዛነፍ የለበትም። በዴልሂ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ 12፡30፤ እናቴ የምትደውልበት ሰዓት ነው። መርፌውን እንደያዝኩ ስልኩ ይጠራል። «ዕጢው እንዴት ሆነላት?» ትለኛለች። ባለቤቴ ሆዷን ገልጣ እየጠበቀች «ደህና ናት በላት» ትለኛለች። አንድ ቀን በቀኝ፣ አንድ ቀን በግራ እየወጋሁ በሰባተኛው ቀን ያልበለዘ ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ጉድለቱ የእኔ፣ ሆዱ የእሷ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ያን ማታ አየሁት።

ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የፅንስን ጾታ መናገር በሕግ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ አለ። ሕንድ ሕጉን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ሴት መሆናቸው የታወቀ ፅንሶች በብዛት ይወገዱ ስለነበር። ጾታን የሚወስነው የአባት ዘር ነው፤ ሴት ወለድሽ ተብላ የምትወቀሰው ግን እናት ናት። ከማስታወቂያው ሥር ተቀምጬ አሰብኩ፤ አገሩ ይለያይ እንጂ ፍርዱ አንድ ነው።

11 እንቁላል ወጣላት፤ 8ቱ የበሰሉ ነበሩ። የእኔ ዘር ከማነሱ የተነሣ አንድ ሳህን ላይ አገናኝቶ መተው አይበቃም። ኢክሲ የሚሉት አለ፤ አንድ ስፐርም ተመርጦ በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ልጅ ብራሰልስ ላይ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። እንቁላሉ በወጣ ማግስት ስልክ ተደወለ፤ 5 ጸንሰዋል ተባልን። አምስተኛው ቀን ላይ የደረሱት 2 ናቸው። አንዱን ማህፀኗ ውስጥ አስቀመጡት። ሌላው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ቀረ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ስታስነጥስ እንኳ ሆዷን ትይዝ ነበር። በሁለት ሳምንቱ ደም ሰጠች፤ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ። አልያዘም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ መስኮቱን ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ይቅርታ አድርግልኝ» አለችኝ።

እኔን! ቃሉን ዛሬም ስጽፈው እጄ ይርዳል። ሰው ሁሉ ስድስት ዓመት «ያንቺ ነው» ሲላት ኖሮ፣ እውነቱን የያዘ ወረቀት በቦርሳዋ ውስጥ እያለ እንኳ፣ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ሆነች። ይህን ያስተማርናት እኛ ነን። ከሁሉም በላይ እኔ ነኝ፤ በዝምታዬ።

ወንድሞቼ፣ ለእናንተ ነው የምጽፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወቱ የመካንነት ችግር ይገጥመዋል ብሏል። ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ዘር ችግር አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ። ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ አብራችሁ ሂዱ፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በአንድ ወንበር ላይ። እሷ ራጅ ክፍል ከመግባቷ በፊት የእናንተ ውጤት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ወንድነታችን በአንድ ወረቀት የሚፈርስ ከሆነ፣ ድሮም አልቆመም።

እንደተመለስን በሳምንቱ እናቴ መጣች። በሩን ከፈትኩላት፤ ስማኝ አለፈችና ሀይላንዱን ለባለቤቴ ዘረጋች።

«እማዬ» አልኳት፤ «ጠበሉን ለእኔ ስጪኝ። ዕጢ የለባትም፤ ድሮም አልነበረባትም። ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው።»

እናቴ ጠርሙሱን እንደዘረጋች ቀረች። ሁለታችንን በየተራ አየችን። ከዚያ ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀምጣ ባለቤቴን አቀፈቻት። «ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ልጄ?» አለቻት። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ባለቤቴም አልመለሰችላትም፤ ብቻ ያን ያህል ስታለቅስ፣ ውጤቱ በመጣ ቀን እንኳ አላየኋትም።

አንዱ ፅንስ አሁንም ዴልሂ ነው። ገንዘቡ ሲሞላልን እንመለሳለን። ይያዝ አይያዝ እግዜር ያውቃል። በዚህኛው ጉዞ ግን ለምን እንደምንሄድ ለጠየቀን ሁሉ እንናገራለን።

እናቴ ዛሬም በየወሩ ትመጣለች። ጠበሉን የምትቀዳው ግን በሁለት ኩባያ ነው።