አንድ ጣት መሬት

ከባሕር ዳር ልነሳ በዋዜማው አባቴ ደውለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «እዚያ አገር መሬቱ የማን ነው?» ስለ ምግቡ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ሃይማኖቱ አላነሡም። ደጋ ዳሞት ላይ በሦስት ጥማድ መሬት ሰባት ልጅ ያሳደጉ ገበሬ ናቸውና የማያውቁትን አገር የሚመዝኑት በመሬቱ ነው። እኔም በወረዳ መሬት አስተዳደር ሜትር ስጎትትና ደብተር ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ወደ ኢንዶኔዥያ የሄድኩትም በዮግያካርታ ከተማ ስለ መሬት ምዝገባ ለሚሰጥ አጭር ሥልጠና ነው። «መልሱን ይዤልዎት እመጣለሁ» አልኳቸው። የአንድ መስመር መልስ መስሎኝ ነበር።

ሥልጠናው ባለቀ ማግስት አብሮኝ የሠለጠነ ወጣት «አያቶቼ ዘንድ ሳትደርስ ጃቫን አየሁ አትበል» ብሎ በሞተር ብስክሌት አፈናጥጦ ወሰደኝ። አገሩ ክላተን ይባላል፤ በዮግያካርታና በሱራካርታ መካከል፣ ከሜራፒ እሳተ ገሞራ ግርጌ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ በእኛ ዘንድ ዝናቡ የሚያይልበት፣ እዚያ ግን በጋ። ሆኖም ከተራራው ሥር የሚፈልቁት ምንጮች ስለማይነጥፉ ማሳው ውሃ አልጠማውም። አንዱ ሩዝ ያጭዳል፣ ጎረቤቱ ይተክላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጭቃውን ያርሳል። የጃቫ ደሴት ስፋት ከአማራ ክልል ያንሳል፤ የሚኖርባት ሕዝብ ግን ከ150 ሚሊዮን ይበልጣል። መንደር ሲያልቅ ማሳ ይጀምራል፤ ማሳው ገና ዓይን ሳይሞላ ሌላ መንደር ይመጣል። ጾም ያደረ መሬት ፈልጌ አንድም አላገኘሁ።

ደጃፉ ላይ ስንደርስ ወዳጄ ጫማውን አውልቆ «ኩሎ ኑውን!» አለ፤ የእኛ «ቤቶች!» መሆኑ ነው። ከውስጥ «ሞንጎ» የሚል ድምፅ ተከተለ። ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሴት ብቅ አሉና ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ በጠራ አማርኛ «እንዴት ነሽ?» አሉኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። የወዳጄ አክስት ናቸው። ጅዳ በቤት ሠራተኝነት ስድስት ዓመት ሲኖሩ ከአጥሩ ማዶ አንዲት የወሎ ልጅ ትሠራ ነበር። አማርኛውን ሴት ከሴት ስለተማሩት የወንዱን ሰላምታ አያውቁም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ «ነሽ» ስባል ሰነበትኩ፤ ላርማቸውም አልፈለግሁም። ከቤቱ ጎን የተቀጠለው ነጭ ሸክላ የተነጠፈበት ክፍል በዚያ የጅዳ ደመወዝ የተሠራ ነው።

ዋናው ቤት ግን የእንጨት ነው። አራት የቲክ ምሰሶዎች ጣሪያውን ተሸክመዋል። ከኋላ ሦስት ጠባብ ክፍሎች አሉ፤ የመካከለኛው በጥንቱ ልማድ የሩዝ እመቤት የዴዊ ስሪ ማደሪያ ነበር። ዛሬ ቤተሰቡ አጥባቂ ሙስሊም ነው፤ ክፍሉ ግን እስካሁን ሰው አይተኛበትም፤ የሩዝ ጆንያ ነው የሚቀመጥበት። የቤቱን ሽማግሌ ሁሉም «ምባህ ካኩንግ»፣ ባለቤታቸውን «ምባህ ፑትሪ» ይሏቸዋል፤ ወንድ አያት፣ ሴት አያት ማለት ነው። እኔም እንዲሁ ጠራኋቸው።

ምባህ ካኩንግን ቤቱ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ስጠይቃቸው «እዚህ ከቆመ ነው ወይስ ፊት ከነበረበት?» ብለው መለሱልኝ። አባታቸው ከሌላ መንደር ገዝተው፣ ማገር በማገር ፈትተው፣ ጎረቤት በሸክም አምጥቶላቸው ነው እዚህ የተተከለው። ምስማር የለበትም፤ እንጨቱ እርስ በርሱ የተሰካካ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 27 ቀን 2006 ዮግያካርታንና ክላተንን የመታው፣ ከ5,700 በላይ ሰው የገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ የጡቡን ግድግዳ ሲያፈርሰው አራቱ ምሰሶዎች አልወደቁም። አሁን እንዲህ ያለውን ቤት ለሆቴልና ለሀብታም ቪላ የሚገዙ ነጋዴዎች በየመንደሩ ይዞራሉ። ባለቤቱ ቤቱን ሸጦ መሬቱ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ የሙያዬ አመል ተነሣብኝ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ «ታዲያ ይህ ግቢ የማን ነው?» አልኩ። ምባህ ፑትሪ ሳቁ። መሬቱ የእርሳቸው ነው፤ ከአባታቸው የወረሱት። ቤቱ የባላቸው ነው። ጥግ ላይ ያለው የኮኮነት ዛፍ የታናሽ እህታቸው ነው፤ ርስት ሲካፈሉ «ዛፉን ለእኔ» ብላ፤ ዛሬም ፍሬው ሲወርድ ይላክላታል። በግቢው መካከል የሚያልፈው ቀጭን መንገድ የሁሉም ነው፤ ከኋላ ያሉት አምስት ቤቶች ወደ መስጊድ የሚሄዱት በዚያው ነው። እኔ ዘንድ ያለው ቅጽ «የባለይዞታ ስም» የሚል አንድ መስመር ነው ያለው። በአንድ ግቢ ሞልቶ ፈሰሰብኝ።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ጠባይ አይደለም። የአገሩ ልማዳዊ ሕግ መሬቱን ከላዩ ካለው ነገር ለይቶ ያያል፤ ቤት ለብቻ፣ ዛፍ ለብቻ፣ አፈር ለብቻ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የአገሪቱ መሠረታዊ የመሬት ሕግም በዚህ ልማድ ላይ ነው የተገነባው፤ አንቀጽ 6 ማንኛውም የመሬት መብት ማኅበራዊ ተግባር እንዳለው ይደነግጋል። ሥልጠናው ላይ አንቀጹን አጥንቼው ነበር። ትርጉሙ የገባኝ ግን ጎረቤቶች በምባህ ፑትሪ የልብስ ማድረቂያ ገመድ ሥር ጎንበስ ብለው ለሶላት ሲያልፉ ሳይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጥፋት አጠፋሁ። ምባህ ካኩንግ ማሳቸውን ለአዲስ ተከላ እያዘጋጁ ነበር። የሩዝ ማሳ ከማሳ የሚለየው «ገሌንጋን» በሚሉት የጭቃ ወሰን ነው፤ ስፋቱ አንድ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። ውሃ ይይዛል፣ ድንበር ይለያል፣ መንገድም ይሆናል። ሽማግሌው ሣሩን በዶማ ፍቀው፣ ጎኑን በእርጥብ ጭቃ ለስነው ጨርሰዋል። እኔ ፎቶ ላነሣ ብዬ በከባድ ጫማዬ ስወጣበት ወሰኑ ተናደ። የእሳቸው ውሃ ወደ ጎረቤት ማሳ ገባ፤ ያም ማሳ ትናንት የተተከለ ነው።

አልተቆጡኝም። ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው በእጃቸው ይደፍኑ ጀመር። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጭቃውን አብዝቼ ወደ ጎረቤቱ በኩል ስለጥፍ እጄን ያዙኝና ትርፉን በጣታቸው ጠርገው ወደ ራሳቸው መለሱት። ከዚያ አንድ የጃቫ ምሳሌ ተናገሩ፦ «ሳዱሙክ ባቱክ፣ ሳኛሪ ቡሚ»። ወዳጄ ተረጎመልኝ፤ ግንባር ላይ አንድ ንክኪ፣ ከመሬት አንድ ጣት። ግንባሩ የሚስት ነው። የሰው ሚስት ግንባሯን የነካ፣ የሰው መሬት አንድ ጣት የገፋ፣ ደም ያፈሳል ማለት ነው። በጭቃው ውስጥ እንደቆምኩ ሳቄ መጣ። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስነግራቸው ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «እናንተም ገሌንጋን አላችሁ?» አሉኝ። የለንም፤ ድንጋይና ችካል ነው ያለን። የሚገፋው ግን ያው ነው።

ማሳው 1,800 ካሬ ሜትር ነው። በእኛ አንድ ጥማድ አይሞላም። በአገሩ ከግማሽ ሄክታር በታች የሚያርስ ሰው በመንግሥት ቆጠራ ሳይቀር «ጉሬም» ገበሬ ይባላል፤ ጉሬም የዶሮ ቅማል ነው። በዚህች ማሳ በዓመት ሦስት ጊዜ ይታረሳል። ምርቱ ሲደርስ አብዛኛው ሰው ራሱ አያጭድም። ነጋዴ ይመጣል፣ ማሳውን ዞሮ በዓይኑ ይገምታል፣ እህሉን በአገዳው እንዳለ ይገዛል። ድሮ የመንደሩ ሴቶች በጣት መካከል በምትያዝ ትንሽ ቢላ ዘለላ በዘለላ እየቆረጡ ያጭዱና ካጨዱት ድርሻቸውን ይወስዱ ነበር። ምባህ ፑትሪ ያቺን ቢላ ግድግዳ ላይ ሰክተው ያስቀምጧታል። «መሬት የሌላት ሴትም ያኔ ከዚህ ማሳ ሩዝ ነበራት» አሉኝ። የዚያ ድርሻ ባለመብቶች በየትኛውም ደብተር አልተመዘገቡም፤ ሲቀርም ማንም አልሰረዛቸውም።

የመንደሩን ጽሕፈት ቤት ሳላይ መመለስ አልሆነልኝም። ጸሐፊው «ሌተር ሴ» የሚሉትን ወፍራም የግብር መዝገብ አወጡልኝ፤ ገጾቹ ቢጫ፣ ስሞቹ የሙታን። ምባህ ካኩንግ የሚያርሱት ማሳ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በአያታቸው ስም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በተጀመረው አገር አቀፍ ምዝገባ ግን የምስክር ወረቀት አግኝተዋል። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፤ የእኛን ገበሬ አረንጓዴ ደብተር የመሰለ! ልዩነቱ ይህኛው መሬት መሸጥ መቻሉ ነው። ለባንክም ይያዛል። ሰነዱን ያስያዘ ሰው «ወረቀቴን ትምህርት ቤት አስገብቻታለሁ» ይላል በቀልድ። ብዙዎቹ ገና አልተመረቁም።

ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ድርሻ አለው። የመንደሩ ሹም ደመወዙን በከፊል የሚያገኘው «ቤንግኮክ» ከሚባል መሬት ነው፤ ሥልጣን ላይ እስካለ ያርሰዋል ወይም ያከራየዋል፤ ሲሻር ለተተኪው ይለቃል። ለእኔ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም፤ አያቴ የሚያወሩት የማደሪያ መሬት ነው። ውሃ የሚያከፋፍለውም ሹም አለ፤ «ኡሉ ኡሉ» ይባላል፤ የእኛ የውሃ አባት።

አንድ ማታ እ.ኤ.አ. ስለ 1960ዎቹ ጠየቅሁ። ያ የመሬት ሕግ ለመሬት ይዞታ ጣሪያ አበጅቶ ነበር፤ ትርፉ ለሌለው እንዲከፋፈል። ሳይፈጸም ሲቀር እ.ኤ.አ. በ1964 መሬት አልባ ገበሬዎች ራሳቸው ማሳ ይዘው ማረስ ጀመሩ፤ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ክላተን ነው። መሬቱ ለሚያርሰው ይሁን ይሉ ነበር። በዓመቱ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የእኛም ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። የእኛው ከአሥር ዓመት በኋላ አዋጅ ሆነ። የእነርሱ እ.ኤ.አ. በ1965 እና 66 በመቶ ሺህዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ደም ተዘጋ። ምባህ ካኩንግ ሲጋራቸውን አጠፉና ስለ ዳክዬዎቹ አወሩ። ወዳጄም ጥያቄዬን ሁለተኛ አልተረጎመም።

ከመንደሩ በስተደቡብ ከሱራካርታ ወደ ዮግያካርታ የሚዘረጋው የክፍያ መንገድ ያልፋል። ማሳው የተወሰደበት ሰው ካሳ አግኝቶ መኪና ገዝቷል፤ አንዳንዱ ራቅ ብሎ ሌላ ማሳ። ካሳውን በቀልድ «የትርፍ ምትክ» ይሉታል። አዲሶቹ ቤቶች ረጃጅም አጥር አላቸው። ወደ መስጊዱ የሚወስደው መንገድ በአንዱ አጥር ተዘግቶ ዞሯል። ወረቀቱ ለአጥር ሠሪው ነው የሚመሰክረው፤ የእግር መንገዱን የሚያሳይ ካርታ የለም።

በመጨረሻው ሌሊት ከመንደሩ ዘቦች ጋር ዞርኩ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የወተት ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል፤ በየማታው የቤቱ እመቤት አንድ ቁንጥር ሩዝ ታደርግበታለች። «ጂምፒታን» ይባላል። ዘቦቹ እየዞሩ ይሰበስባሉ፤ ተሽጦ ለቀብር፣ ለመብራት፣ ለታመመ ሰው ይሆናል። የመንደሩ ሰዎች በየ35 ቀኑ ሲሰበሰቡ ሒሳቡ ይነበባል፤ በዚያው «አሪሳን» የሚሉት ዕጣ ይወጣል። ዕቁብና እድር በአንድ ምሽት ማለት ነው። ባዶ ቆርቆሮ ያገኘን አንድ ቤት ብቻ ነበር። ዘቡ አልፎት ሊሄድ ነው ብዬ ስጠብቅ መስኮቱን አንኳኳ፤ ስለ ሩዙ ሳይሆን አሮጊቷ ታመው እንደሆነ ለመጠየቅ።

ጠዋት ለአባቴ ደወልኩ። የአፈሩን፣ የቤቱን፣ የዛፉን፣ የመንገዱን፣ የውሃውን፣ የሹሙን ድርሻ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ወሰኑስ?» አሉ። ስንዝር ተኩል ጭቃ ነው፣ እኔም አፍርሼው ነበር አልኳቸው። «ማሳውስ ስንት ነው?» ጥማድ አይሞላም አልኩ። በስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አሰቡ፣ አሰቡና፦

«ታዲያ በሬው የት ይዞራል?»