ከኦክታጎን ደወሎች ሥር

«ጋሼ፣ ያ ቤት እኮ መንፈስ አለበት ይላሉ» አለኝ የታክሲው ሾፌር፣ አድራሻውን ስነግረው። ያገሬ ልጅ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዕድል ብርቅ አይደለም።

«እኔም ሰምቻለሁ፤ ለዚያ ነው የምሄደው» አልኩት።

«እንግዲያው እግዜር ይጠብቅዎት» ብሎ የ18ኛው ጎዳናና የኒው ዮርክ አቬኑ መገናኛ ላይ አወረደኝ።

ኦክታጎን ከዋይት ሀውስ ጥቂት የሚያስኬድ፣ ባለሦስት ፎቅ ቀይ የጡብ ቤት ነው። ያሠራው ኮሎኔል ጆን ቴይሎ ሣልሳዊ የሚባል የቨርጂኒያ ባለርስት ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣለት የካፒቶልን የመጀመሪያ ንድፍ የሠራው ዊልያም ቶርንተን ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1801 ተጠናቀቀ። ጥጉ ላይ ያለው ቦታ ሾጣጣ ስለሆነ ቶርንተን የቤቱን ፊት ክብ አድርጎ ጎኖቹን ወደ ኋላ ሰብስቧቸዋል። በሩን አልፎ የሚገባ ሰው በክብ አዳራሽ ውስጥ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያ ዝነኛ ሞላላ ደረጃ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል።

ወሬው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ደረጃ ነው። የቴይሎ ሁለት ሴት ልጆች፣ በተለያየ ጊዜ፣ በፍቅር ምክንያት ከአባታቸው ተጣልተው ከዚህ ወድቀው ሞቱ ይባላል። ይህን የሚደግፍ መዝገብ ግን አልተገኘም። እኔም ደረጃው ሥር ቆሜ ሽቅብ ስመለከት ያየሁት የእጅ ጥበብ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር አላገኘሁበትም።

ሌላው ወሬ የደወሎቹ ነው፤ እኔን የያዘኝም እሱ ነው። በዚያ ዘመን በትልልቅ ቤቶች ጌቶች አገልጋይ ሲፈልጉ ገመድ ይስባሉ፤ በግድግዳው ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ምድር ቤት ያለውን ቃጭል ያንቀጠቅጠዋል። የኦክታጎን ደወሎች ማንም ሳይነካቸው በአንድ ላይ ይጮኹ ነበር ይባላል። አንዳንዱ አይጥ ሽቦውን እየነካው ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ በዚህ ቤት በባርነት የኖሩ ሰዎች መንፈስ ነው ይላል።

ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። ወጥ ቤቱና የወይን ጠጅ ማስቀመጫው እዚያ ናቸው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ብርሃኑም የላይኛውን ያህል አይደለም። ቴይሎ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን በባርነት የያዘ ሰው ነበር። ሰዎቹን በስም፣ በዕድሜ፣ በሥራና በዋጋ የሚመዘግብ የሒሳብ መዝገብ ነበረው፤ ያ መዝገብ ዛሬ የታሪክ ምሁራን የእነዚያን ቤተሰቦች ሕይወት የሚከታተሉበት ምንጭ ሆኗል። ለዋጋ ግምት የተጻፈ ስም ለልጅ ልጅ ማስታወሻ ሆኖ መትረፉ ልቤን ነካው።

ይህን ስል የራሳችንን ጓዳ ረስቼ አይደለም። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። የስንቱ መኳንንት አዳራሽ በባሪያ እጅ ተጠርጎ ነበር? በታሪክ መጻሕፍታችን የእነዚያን ሰዎች ስም ፈልጎ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል።

ፎቅ ላይ ያለው ክብ ክፍል የታሪክ ሰዎች የሚወዱት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1814 የእንግሊዝ ጦር ዋይት ሀውስን ሲያቃጥል፣ በዚህ ቤት የፈረንሳይ ባንዲራ ይውለበለብ ስለነበረ እሳቱ አልነካውም። ፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰንና ባለቤቱ ዶሊ ለጥቂት ወራት እዚህ ተጠጉ። ማዲሰን ከእንግሊዝ ጋር የነበረውን ጦርነት ያበቃውን የጌንት ስምምነት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1815 በዚህ ክፍል አጸደቀ። ክቡ ጠረጴዛ ዛሬም አለ። የዶሊም ሽቶ ይሸታል ይባላል፤ መቼም ሁሉም የየራሱ መንፈስ አለው።

ከማዲሰኖች ጋር ግን ፖል ጄኒንግስ የሚባል በባርነት የተያዘ ወጣት ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ትንሽ ማስታወሻ የሰላሙ ወሬ የደረሰበትን ቀን ያወራል። አንዲት የዶሊ ዘመድ ከደረጃው አናት ሆና ሰላም መውረዱን ጮኻ አበሰረች፣ ለአገልጋዮች ወይን እንዲቀዳ ታዘዘ፣ እሱም ቫዮሊኑን አንስቶ የፕሬዚዳንቱን ማርሽ ተጫወተ። ሰላም ለአገሪቱ መጣ፤ ለቫዮሊን ተጫዋቹ ግን ነጻነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። ያኔ ሴናተር ዳንኤል ዌብስተር ዋጋውን ከፈለለት፤ ጄኒንግስም በሥራው ከፍሎ ጨረሰ። ይህን ታሪክ ይዞ ያንን ደረጃ የሚያይ ሰው፣ ወደቁ ስለተባሉት ልጃገረዶች ማሰብ ይከብደዋል።

የመንፈሱን ወሬ አልንቅም። እኔ ራሴ ወደዚያ የሄድኩት በእሱ ተስቤ ነው። ግን በዚህ ቤት ወሬው ከእውነቱ ይልቅ ቀላል ነው። የማይታይ እጅ ደወል ሲደውል እንፈራለን፤ ደወሉን ሰምቶ ሌሊት ከመኝታው ይነሣ ስለነበረው ሰው ግን ጥቂቱ ነው የሚጠይቀው።

ወደ ዋሽንግተን የምትሄዱ፣ በተለይም እዚያው የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ኦክታጎን ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። ልጆቻችሁንም ውሰዱ። ከሞላላው ደረጃ በፊት ምድር ቤቱን አሳዩዋቸው፤ አስጎብኚውንም እዚያ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ በስማቸው እንዲነግራችሁ ጠይቁ።