ፎቶው ላይ ያለው ቤት የማን ነው?

ዘመዱ ውጭ አገር ያለ ሰው ቤት ስትገቡ ቡፌው ላይ ምን ይጠብቃችኋል? ፎቶግራፍ! ልጅ ካፖርቱን ደርቦ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ከኋላው ባለ አራት ፎቅ የድንጋይ ቤት ተገትሮ... “የኛ ልጅ ቤት ነው” ትባላላችሁ። እኔ እንዲህ ያለውን ቤት ውስጡን ገብቼ አይቼዋለሁና እስቲ ተከተሉኝ።

ከተማው ባዝ ይባላል፤ ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ለእኛ ባዳ አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን ወሮን በስደት ሳሉ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 የኖሩት እዚሁ፣ ፌርፊልድ ሐውስ በተባለ ቤት ነበር። በ1958 ደግሞ ቤቱን ለከተማው ሰጥተውታል። የእሳቸው ግን ግቢ ያለው፣ ራሱን የቻለ ቪላ ነው። የባዝ ሰው በብዛት የሚኖረው ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በተሰለፉ ቤቶች ነው።

የሰልፉ ሁሉ አለቃ ሮያል ክረሰንት ይባላል፤ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ የቤቶች ረድፍ ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1767 ተጀመረ። ንድፉ የጆን ዉድ ነው፤ የልጅየው ማለቴ ነው፣ አባትየውም ስሙ ጆን ዉድ፣ ሙያውም ያው ነበርና። 30 ቤት፣ 114 ዓምድ! ከሩቅ ስታዩት የአንድ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ነው የሚመስለው። ጉዱ ያለው ከጓሮ ነው። ዉድ የነደፈው ፊት ለፊቱን ነው እንጂ ጀርባውን አይደለም። ገዢው ከዚያ ፊት ላይ ድርሻውን ይገዛና ከጀርባው ያለውን ቤት የራሱን ባለሙያ ቀጥሮ እንዳሻው ያሠራል። እናም ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ ስታዩ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ... ፊቱ ሙሽራ፣ ጀርባው የሰፈር ግርግር! ዛሬ ከ30ዎቹ ብዙዎቹ ተሸንሽነው አፓርታማ ሆነዋል።

የሰፈሬ ልጅ የሚኖረው እዚያ አይደለም፤ ዝናው አነስ ባለ ሌላ መንገድ ላይ ነው። አሠራሩ ግን ያው፤ ድንጋዩም ያው የማር መልክ ያለው የባዝ ድንጋይ። በሩ ጋ ስንደርስ ምን አየሁ መሰላችሁ? አንድ በር፣ አምስት ደወል!

ቤቱ ሲሠራ ለአንድ ሀብታም ቤተሰብ ነበር፤ ፎቆቹም የተደራረቡት በማዕረግ ነው። ከመንገዱ በታች ባለው ምድር ቤት ማድ ቤቱና ሠራተኞቹ፤ ከእግረኛው መንገድ ሥር የከሰል ማከማቻው። በሩ ባለበት ወለል ላይ የግብር ክፍሉ። ከእሱ በላይ እንግዳ የሚቀበሉበት ሳሎን፤ ጣሪያው ከሁሉ የራቀ፣ መስኮቱ ከሁሉ የረዘመ። ከዚያ መኝታ ቤት፣ በመጨረሻ ጣሪያው ሥር ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት የገረዶች ማደሪያ። ውጭ ቆማችሁ የመስኮቶቹን ቁመት ብቻ ብታዩ ማን የት ይተኛ እንደነበር ታውቃላችሁ። ጌቶቹም ገረዶቹም ሄደዋል፤ ማዕረጉ ግን አልሄደም፣ ኪራዩ ላይ ተቀምጧል!

ሳሎኑ የደረሳት ጎረቤት ሻይ ጠርታን ነበር። ክፍሉን ለሁለት ለመክፈል መሀል ላይ ስስ ግድግዳ አቁመውበታል። ኮርኒሱ ላይ ያለው የጄሶ ጽጌረዳ ታዲያ ግማሹ ሳሎኗ ውስጥ፣ ግማሹ መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ ቀርቷል። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ደግሞ ብርዱ! መስኮቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ባለ አንድ መስታወት ነው፤ ነፋሱ በጎኑ ይገባል። ታዲያ ለምን አይቀይሩትም? በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ነዋ! ያለ ከተማው አስተዳደር ፈቃድ መስኮቱን መነካካት ያስቀጣል። እዚያው ሮያል ክረሰንት ላይ በ1970ዎቹ አንዲት ነዋሪ ነጭ መሆን የነበረበትን በሯን ቢጫ ቀብታ፣ ነገሩ እስከ ሚኒስትር ድረስ ደርሷል። ሴትየዋ ግን አሸነፈች፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

የእኛ ሰው ድርሻ ምድር ቤቱ ነው። ከመንገዱ በብረት ደረጃ ወደ ታች ትወርዳላችሁ፤ የጥንቱ ማድ ቤት ዛሬ መኝታውም ሳሎኑም ሆኗል። በቀን መብራት ያበራል። መስኮቱ የሚያሳየው እግር ብቻ በመሆኑ የሰፈሩን ሰው በመልኩ ሳይሆን በጫማው ያውቀዋል። ከላይ የሚራመደውን ሰው ኮቴ እንኳ ለይቶ፣ “አሁን ወደ ማድ ቤት ሄደ” ይለኛል።

እናቱ መልእክት ልከውኝ ነበር፤ “ልጄ፣ ያን የሚያህል ቤት ይዞ ለታናሽ ወንድሙ አንዲት ክፍል አጣ ወይ በልልኝ” ብለው። ነገርኩት። ዝም አለ። ፎቶውን ሲልክ አልዋሸም፤ ቤቱ ያ ነው፣ የሚኖረውም እዚያ ነው። ግን የትኛው ፎቅ እንደሆነ የጠየቀው የለም፣ እሱም አልተናገረም። ስድስት ዓመት እንዲሁ አለፈ፤ እናት “ጨከነ” ይላሉ፣ ወንድም አኩርፎ ደብዳቤ አቁሟል።

“ለወንድሜ ንገረው” አለኝ በመጨረሻ፤ “ቪዛውን ካገኘ ይምጣ፣ ሶፋው ላይ ይተኛል። ግን በትልቁ በር እንዳይገባ፤ ደረጃው ወደ ታች ነው በለው።”