የደረቀ የመሰለን ዛፍ

ደገኛ ሰው ዛፍን የሚያውቀው በቅጠሉ ነው። ከሩቅ አይቶ ይህ ጥድ ነው፣ ያ ወይራ ነው፣ ያኛው ባሕር ዛፍ ነው ይላል፤ አይሳሳትምም። እኛም በደጋ አገር የተወለድን በመሆናችን ይህ ዕውቀት ለሁሉም አገር የሚበቃ ይመስለን ነበር። አለመብቃቱን የተረዳነው በ2011 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ በኬንያ በኩል ባለችው በሞያሌ ከተማ ለሥራ ስንቀመጥ ነው። ስሕተታችንን ሳንሸሽግ የምንገልጸውም፣ ወደማያውቀው አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ሁሉ ትምህርት ያገኝበታል ብለን ስለምናምን ነው።

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የምትገኝ፣ በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት። የኬንያው ክፍል በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ነው። በዚህ አገር እንግዳን አስቀድሞ የሚያሳስተው የወራት ጠባይ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በአዲስ አበባ ክረምት ናቸው፤ ለአውሮጳውያን ደግሞ የሙቀት ወራት ናቸው፤ በሞያሌ ግን ዝናብ የሌለበት፣ ነፋሻና ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ጊዜ ነው። ቦረናዎች ይህንን ጊዜ አዶሌሳ ይሉታል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ነው፤ ስሙም ገና ይባላል፤ በአማርኛ ከልደት በዓል ስም ጋር ቢመሳሰልም ትርጉሙ ሌላ ነው። ሁለተኛው ዝናብ በጥቅምትና በኅዳር የሚዘንበው ሀጋያ ነው። እንግዲህ የደጋ ሰው ሐምሌ ሲባል ለምለም ቅጠል እያሰበ ወደዚያ ሲሄድ፣ የሚቀበለው ራቁቱን የቆመ ዛፍ ይሆናል።

የተከራየነው ቤት አጥር አንድ ሸምገል ካሉ የቦረና ሰው ግቢ ጋር ያዋስነን ነበር። አጥሩ አመድማ መልክ ባላቸው ግንዶች የተሠራ ነው፤ አንድም ቅጠል የለበትም፤ ቅርፊቱም እንደ አሮጌ ወረቀት ይላጣል። እኛ ከቆመ ብዙ ዘመን የሆነው የደረቀ እንጨት ነው ብለን ገመትን። ከዚህ የተነሣ እንጨቱ ለማገዶ እንዲሆን፣ በስፍራውም ቆርቆሮ እንዲቆም አሰብንና፣ ጎረቤታችንን ሳንጠይቅ ሠራተኛ ቀጥረን ማስቆረጥ ጀመርን። ሦስት ግንድ እንደ ወደቀ ሽማግሌው የመጥረቢያውን ድምፅ ሰምተው መጡ።

«ልጄ፣ ምን በደለህ?» አሉን፤ አማርኛቸው የጠራ ነበር።

«አባባ፣ የደረቀ መስሎን ነው» አልናቸው።

መልስ ሳይሰጡ ቆሞ ወደ ቀረው ግንድ ጠጋ ብለው ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ እንደ እርጥብ ሣር ያለ አረንጓዴ ታየ። «ልብሱን አወለቀ እንጂ አልሞተም» አሉ፤ ቀጥለውም «ይህንን የተከልሁት የበኩር ልጄ በተወለደ ዓመት ነው» አሉን። ያን ጊዜ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው ተረታችን ትዝ አለንና አንገታችንን ደፋን። መናቅ አላሰብንም ነበር፤ ነገር ግን ሳይጠይቁ መቁረጥ ከመናቅ በምን ይለያል?

ያ ዛፍ በቦረናዎች ሀሜሳ የሚባለው ነው። የከርቤ ዛፍ ዘመድ በመሆኑ ቅርንጫፉ ሲሰበር መልካም ሽታ ይሰጣል። ቅጠሉን የሚያወጣው በዝናብ ጊዜ ነው፤ ቅጠሉም በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ ይበቅላል። በደረቁ ወራት ከቅርፊቱ በታች ያለው አረንጓዴ ክፍል የቅጠሉን ሥራ በከፊል ይሠራለታል። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ሥር ስለሚያበጅ፣ ሰው ሕያው አጥር ያደርገዋል።

ካሣ እንከፍላለን ብንላቸው ሽማግሌው ገንዘባችንን አልፈቀዱም፤ በማግሥቱ ጠዋት ከእርሳቸው ጋር እንድንወጣ ብቻ ጠየቁን። ከከተማው ወጣ ብለን ስንሄድም «በዚህ አገር አስቀድመህ እሾኩን እይ፤ ቀጥለህ ቅርፊቱን፤ ከዚያም አሽትት፤ ቅጠል መጨረሻ ነው» ብለው መከሩን።

በአማርኛ ሁሉንም ግራር ብለን የምናልፋቸውን ዛፎች እርሳቸው አንድ በአንድ ለዩልን። ጫፉ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ደደቻ ነው፤ ረጅም ነጭ እሾህና አጭር ቆልማማ እሾህ ባንድነት አሉት፤ ፍሬው ተጠቅልሎ የጆሮ ጌጥ ይመስላል፤ ፍየሎችም ከሥሩ አይጠፉም። እሾኩ ሁለት ሁለት እየሆነ እንደ ድመት ጥፍር ወደ ኋላ የተቆለመመው ጥቁር ሰጰንሳ ነው፤ ልብስ ከያዘ አይለቅም። ሦስት ቆልማማ እሾህ በአንድነት ያለው፣ መካከለኛው ወደ ታች ያዘነበለው ደግሞ ሙጫ የሚለቀምበት ግራር ነው። በጥቁር መሬት ላይ የሚበቅለው ፉሌንሳ በእሾኩ ሥር እንደ ኳስ ያበጠ ነገር አለው፤ በውስጡ ጉንዳኖች ይኖራሉ፤ ነፋስም ጉንዳኖቹ በበሱት ቀዳዳ ሲያልፍ ያፏጫል። የዕፅዋት ሊቃውንትም ከ2005 እ.ኤ.አ. የቪየና ጉባኤ ወዲህ የአፍሪካን ግራሮች በሁለት አዲስ ወገን ከፍለው ሲጠሯቸው፣ ቀጥ ያለ እሾህ ያላቸው በአንዱ፣ ቆልማማ እሾህ ያላቸው በሌላው ወገን ይበዛሉ። ሽማግሌው ያለ መጽሐፍ ያስተማሩን ይህንኑ ነበር።

በደኖ በአንድ ዘንግ ሁለት ቅጠል ብቻ ይይዛል፤ እሾኩም አረንጓዴና ቀጥ ያለ ነው። ቦረናዎች ኦዳ የሚሉት፣ በአማርኛ ሾላ ወይም ባምባ የሚባለው ዛፍ ቅርፊቱ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ቅጠሉ ሲዳሰስ ይሻክራል፤ ፍሬውም በግንዱ ላይ ተንዠርጎ ይታያል። ይህንን ዛፍ ዋርካ ብሎ የሚተረጉም ሰው ይሳሳታል፤ የዋርካ ፍሬ ከቅጠሉ አጠገብ በቅርንጫፍ ላይ ነውና። ስሕተቱም ቀላል አይደለም፤ ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያስገባው የገዳ ሥርዓት ጉባኤውን የሚያደርገው በኦዳ ጥላ ሥር ነው። በደረቁ ወራት በከተማው ግቢዎች ለምልሞ የሚታየው ኒም ግን ከሕንድ አገር የመጣ እንግዳ ነው። በስዋሂሊ ምዋሮባይኒ ይባላል፤ አርባ በሽታ ይፈውሳል ከማለት የወጣ ስም ነው፤ አማርኛ ተናጋሪም በስሙ ውስጥ «አርባ»ን ይሰማል። እኛ በመጀመሪያው ሳምንት ያመሰገንነው ይህንን እንግዳ ነበር፤ የአገሩን ተወላጅ ግን ማገዶ አደረግነው።

በዚያ ዓመት ሀጋያ በምሥራቅ አፍሪካ እጅግ በረታ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አጥሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ለበሰ። ካስቆረጥናቸው ከሦስቱ ጉቶዎች ሁለቱ አቆጠቆጡ፤ ሦስተኛው ግን ሞቶ ቀረ። ሽማግሌው ከወደቁት ቅርንጫፎች አንዱን በክፍተቱ ላይ ተክለውት ነበርና እርሱም ሦስት ትናንሽ ቅጠል አወጣ። ከሞያሌ እስክንነሣ ድረስ በየማለዳው ሳናየው አልዋልንም።

ባለ ሥልጣን ሆኖ ወደ አዲስ አገር የሚሄድ ሰው ብዙ ነገር እንዲቆረጥና እንዲነሣ የማዘዝ ሥልጣን አለው። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ፣ ከማዘዛችን በፊት ስሙን እንጠይቃለን፤ ቅርፊቱንም በጥፍራችን ፋቅ አድርገን እናያለን።