የማይራመደው ዘንባባ

በኮስታ ሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሳራፒኪ ወንዝ አጠገብ ላ ሴልቫ የሚባል የምርምር ደን አለ። በዓመት 4,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ያገኛል፤ ከአዲስ አበባ ሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። አስጎብኚያችን አንድ ቀጭን ዘንባባ ፊት ለፊት አቆመን። ግንዱ መሬት አይነካም፤ እንደ ጎጆ ጣሪያ ወራጆች ዙሪያውን በተዘረጉ እሾሃማ ሥሮች ላይ ቆሟል። ይኸው ዘንባባ በአማዞንም ይበቅላል፤ የዚያ ነባር ሕዝቦች በእነዚህ ሥሮች ካሳቫ ይፈቀፍቁባቸዋል።

«ይሄ ዛፍ ይራመዳል» አለን። «ጥላ ሲበዛበት በብርሃኑ በኩል አዲስ ሥር ይሰድዳል፤ የኋላው ይደርቃል፤ እሱም ወደ ፀሐይ ፈቀቅ ይላል።»

ወሬው መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 ጆን ቦድሊና ፎሊ ቤንሰን በፔሩ አማዞን ያዩትን ይዘው፣ ዛፍ ወድቆ የተጫነው ለጋ ዘንባባ አዲስ ሥር አውጥቶ ከበቀለበት ርቆ ሊቆም ይችላል ብለው ጻፉ። ኮስታ ሪካዊው ተመራማሪ ጌራርዶ አቫሎስ ግን ሥሮቹን እዚሁ ላ ሴልቫ ከባልደረቦቹ ጋር አጥንቶ፣ መራመዱ ተረት ነው ይላል። ሥር ይሞታል፣ ሥር ይበቅላል፤ ግንዱ ከቦታው አይነቃነቅም። የዘንባባ ግንድ እንደ ሌላ ዛፍ በየዓመቱ አይወፍርም፤ ስለዚህ ቁመቱ ሲጨምር ከላይ አዳዲስ ሥሮች እያወረደ ራሱን ይደግፋል።

እንግዳ ሁሉ ተረቱን ይዞ ይመለሳል፤ እኔን ግን ያሳስበኛል። ይራመዳል ያልነው ዛፍ ከመጥረቢያ ያመልጣል ብለን እንዳንዘናጋ። ዘንባባው የሚጓዘው በፍሬው ብቻ ነው፤ ቱካንን የመሳሰሉ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ራቅ አድርገው ይጥሉለታል። ዘሩ የሚያርፍበት ደን ከሌለ ጉዞው እዚያው ያበቃል።

ኮስታ ሪካ ይህን ያወቀችው ከባድ ዋጋ ከፍላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከመሬቷ ሦስት አራተኛው ያህል ደን ነበር፤ በ1980ዎቹ ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የደን ሕግ የተፈጥሮ ደንን መንጥሮ ለሌላ ማዋልን ከለከለ፤ ደኑን ለሚጠብቅ ባለመሬትም ክፍያ ፈቀደ። ዛሬ ከአገሪቱ መሬት ከግማሽ በላዩ ደን ለብሷል። ዘንባባው ካለበት አልተነቃነቀም፤ መንገዱን የለወጠው ሰው ነው፤ መለወጥ የነበረበትም እሱ ነበር።